የሉዊዝ መጽሐፍና የእኔ ላጲስ

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ የወጥ ቤት ፎጣ አለ። ነጭ ነው፤ ጠርዙ በቀይ ክር ተዘምዝሟል፤ መሐሉ ላይ የሴት የሚመስል የእጅ ጽሑፍ ታትሞበታል። አንድም ቀን እጅ አልተጠረገበትም። ባለቤቴ ለምለም ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥታ የምድጃው እጀታ ላይ ሰቅላው ነበር፤ እኔ እያጠፍኩ ስመልሰው አሁን ተስፋ ቆርጣ ትታኛለች። ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት ከትፋ ደረቅ ድስት ላይ ስትጥለው ሽታው እስከ መኝታ ቤት ድረስ መጣና ቁርሴን ሳልበላ መሳቢያውን ከፈትኩ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ፣ ብሩክሊን ሴንተር ባለው የልጃችን ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። ኅዳር ገብቷል። ፎጣውን የሰጠችኝ ጁዲ የምትባል ሴት በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ትደውልልኝ ነበር፤ ዘንድሮ ገና አልደወለችም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከላጲስ ነው። እኔ አሥመራ ተወልጄ፣ በአማርኛ ተምሬ፣ እዚያው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበርኩ ሰው ነኝ። ለምለም የደሴ ልጅ ስለሆነች ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ቢመልሱልንም እኛ አልተውነውም። በዚያን ጊዜ የመማሪያ መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነበር፤ ተማሪው መስከረም ላይ ይረከባል፣ ሰኔ ላይ ይመልሳል። ሰኔ የእኔ ወር ነበር። ልጆቹ ይሰለፉና የእያንዳንዱን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ አያለሁ። በጋዜጣ ያልተለበጠ፣ ጆሮው የታጠፈ፣ በእርሳስ የተጫጫረ ካገኘሁ "ሂድ፣ አጥፍተህ ና" ነው። ላጲስ የሌለው የዳቦ ልብ አድቦልቡሎ ያሽበታል፤ ዳቦ እርሳስን እንዴት አድርጎ እንደሚያነሣ የማያውቅ የእኔ ዘመን ተማሪ የለም። ከማስጠፋቴ በፊት ግን የተጻፈውን ሁሉ አነበው ነበር። የመምህሩን አፍንጫ የሚሰድብ አለ፣ የአንዲት ልጅ ስም ገጹ እስኪሞላ የተደጋገመበት አለ፣ የሒሳብ መልስ አለ። ከዚያ ሁሉም ይጠፋል፣ መጽሐፉም በሚቀጥለው መስከረም ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ንጹሕ መጽሐፍ ማስረከብ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል፤ ጉዴ የመጣው ግን ከዚሁ ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ያለችው ሴንት ፖል ከተማ የገባነው እዚህ አሜሪካ ዘጠናዎቹ በሚሏቸው ዓመታት መጀመሪያ ላይ ነው። ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ተከራየን። ከእኛ በታች ከላኦስ የመጣ አንድ የሞንግ ቤተሰብ ነበር፤ በጓሯቸው ያበቀሉትን ቃሪያ በላስቲክ እያደረጉ ደጃችን ላይ ያስቀምጡልን ነበር፣ በቋንቋ ሳንግባባ ሦስት ዓመት በቃሪያ ተግባባን። የመጀመሪያው ካፖርቴ ከአሮጌ ልብስ መደብር በአራት ዶላር የተገዛ፣ ገበሩ ብርቱካንማ የሆነ ወፍራም ፓርካ ነው። ለምለም ከሩቅ የምትለየኝ በእሱ ነበር። አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ከዴል ጎዳና ማዕዘን ላይ ሲነሣ መስኮቱ ሁሉ በትንፋሽ ይሸፈናል፤ የቬትናም ዳቦ ቤቱ፣ የጎማ ጥገናው፣ የሙሽራ ልብስ መደብሩ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ያልፋሉ። አሁን እዚያ ባቡር ይሄዳል፣ ማዕዘኑም ተለውጧል፣ ስናልፍ ልጄ "ኢት ሉክስ ናይስ" ይላል። እኔ የማየው የድሮውን ነው።

ያገኘሁት ሥራ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነበር። የተመደብኩት ከቤታችን ስድስት ብሎክ ርቀው ለሚኖሩ፣ ሚስተር ሃሮልድ ለሚባሉ የባቡር ድርጅት ጡረተኛ ነው። ረጅም፣ ቀይ፣ ሱሪያቸውን በትከሻ ማንጠልጠያ የሚይዙ፣ ካሬ ካሬ ሸሚዝ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሉዊዝ ከሞቱ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። የሃሮልድ ዓይን መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚያየው፤ ሰው ሲገባ ያውቃሉ፣ ፊደል ግን አያነቡም። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ያለች ትንሽ ራዲዮ ቀኑን ሙሉ የድሮ የዳንስ ሙዚቃ ታሰማለች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አኮርዲዮን። መጀመሪያ ሰሞን ከቆርቆሮ ሾርባ እየገለበጥኩ ነበር የማበላቸው፤ እኔ የለምለምን ወጥ ቤት ደፍ አልፌ የማላውቅ ሰው፣ ሌላ ምን አውቄ!

አንድ ቀን ማንኪያቸውን አስቀመጡና ከማቀዝቀዣው በላይ ወዳለው መደርደሪያ ጠቆሙኝ።

"ማንበብ ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"እንግዲያው ያንን መጽሐፍ አውርድና ቤትህ ይዘኸው ሂድ። የሉዊዝ ነው። ከዚህ በኋላ ይሄን ሾርባ ከምታበላኝ ብትቀብረኝ ይሻላል።"

ያ መጽሐፍ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደነበር ልናገር። ሽፋኑ ላይ ቢጫ አውራ ዶሮ ተሥሏል፤ ገጾቹ በብረት ቀለበት ተይዘዋል፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከገጹ ጠርዝ ወጣ ያለ፣ ስሙ የተጻፈበት የወረቀት ምላስ አለው፤ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ኬክ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ለወጣት ሙሽሮች የታተመ ነው። ውስጡ ያሉት ሴቶች ባለ ተረከዝ ጫማና የዕንቁ ሐብል አድርገው ኦቨን ይከፍታሉ። ሥጋው ከተፈጥሮ በላይ ቀልቷል፤ ካሮትና አተር አረንጓዴ ጄላቲን ውስጥ ተንሳፍፈዋል፤ ባል ሳይናገር አለቃውን ለእራት ይዞ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ገጽ ሁሉ ነበረው። እናቶቻችን ዕፍኝና ቁንጥር ይላሉ፣ ከዚያ ያለፈውን እጃቸው ያውቀዋል። ይህ መጽሐፍ ግን በዓይን ግምት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሁሉም ኩባያ፣ ለሁሉም ማንኪያ፣ ለሁሉም ደቂቃ አለው። እንደ እኔ ከመዝገብ ጋር ለኖረ፣ በዚያ ላይ አገሩም ቤቱም ለተናጋበት ሰው ያ ልክ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ! ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ከነፋህ ቤትህ በሰላም ውሎ ያድራል የሚል ዓለም ነበር። ወደድኩት። ከዚያ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በሚደረግ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ እየተሽከረከርኩ መሰሎቹን በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝቻለሁ። ለምለም "ጎረምሳ የሴት ፎቶ እንደሚያጠራቅም" ትለኛለች። ዛሬም አንድ ሙሉ መደርደሪያ አለኝ፣ እንደዚያ የቢጫ ዶሮው ያለ ግን አላገኘሁም።

መጽሐፉን በተሰጠኝ ሰሞን አሜሪካኖች በኅዳር የሚያከብሩት የምስጋና በዓል ሆነና ልጃቸው ጁዲ ለአራት ቀን ፕሊማውዝ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። እኔ መጽሐፉን ወጥ ቤት ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋሁት። ኅዳጉ ሁሉ ተጽፎበታል! ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ በመስመሮቹ መሐል፣ በሥዕሎቹ ሰማይ ላይ፤ ቀጭን፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ የእርሳስ ጽሑፍ። "ስኳር ይቀነስ።" "ውሸት ነው፣ አርባ ደቂቃ አይበቃውም።" "መብራት ጠፍቶ በበረዶ ቀን ሠራሁት።" "ጁዲ አልነካችውም።" "ለእማዬ ቀብር፣ ለሁሉም በቃ።" እኔ ግን ያየሁት የሰኔን መጽሐፍ ነው። የተዋስኩት ዕቃ ቆሽሿል፤ ስመልሰው አምሮበት ማየት አለባቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ደስ ይበላቸው። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፣ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ላጲሱ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ከዚያ ለልጆቹ ሳንድዊች የተገዛውን ዳቦ ከፈትኩ። ያ ለስላሳ የአሜሪካ ዳቦ እርሳስ ለማጥፋት የተፈጠረ ነው። ለምለም ከሥራ ስትገባ የጠቆረ ፍርፋሪ ጠረጴዛውን ሞልቶ አገኘችኝ።

"ምን ጉድ ነው? ልጆቹ ነገ ላንች ምን ይዘው ሊሄዱ ነው?"

"መጽሐፉን እያጸዳሁት ነው።"

"የሰው መጽሐፍ? ኪዳኔ ተው፤ ፈርስት አስክ አድርጋቸው።"

"ሰርፕራይዝ ላደርጋቸው ነው።"

"ሰርፕራይዝ!" አለችና ኮቷን ሰቅላ ገባች።

እንደ ድሮው እያንዳንዷን እያነበብኩ አጠፋኋት። ያልታዘዘልኝ አንድ ገጽ ብቻ ነው። የአናናስ ኬክ ገጽ ላይ ቅቤ ፈስሶ ወረቀቱን ጠጥቶት ኖሯል፤ የእጄ መዳፍ የሚያህል እድፍ ሆኖ፣ ውስጡ የተጻፈው እንደ ዝንብ ተይዟል። ላጲስ ሞከርኩ፣ ዳቦ ሞከርኩ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሼ አሳደርኩት፤ ወይ ፍንክች። ተናድጄ ተውኩት። የተቀደዱትን ቀዳዳዎች በክብ ወረቀት ለጠፍኩ፣ ሽፋኑን በግሮሰሪ ቡኒ ከረጢት ለበጥኩ። እንዲህ ያማረ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት በሁለት እጄ አስረከብኳቸው። ሚስተር ሃሮልድ ጣታቸውን በልባሱ ላይ አንሸራተው "ኮት አለበስከው እኮ" ብለው ሳቁ። ደስ ብሎኝ ቆሜያለሁ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ።

"ሚትሎፍ የሚለው ጋ ግለጥልኝ።"

ገለጥኩ።

"የታተመውን ተወው፣ ሥጋና እንቁላል እንደሚገባበት አውቃለሁ። ዳር ላይ ያለውን አንብብልኝ። ሉዊዝ የጻፈችውን። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ያነበበልኝ የለም። ጁዲ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፤ አንተ ግን የሚከፈልህ በሰዓት ነው።" ይህን ብለው እንደገና ሳቁ።

ነጩን ኅዳግ አየሁት። እንደ አዲስ ነጭ ነው። እውነቱን ለማውጣት ከዚያች ደቂቃ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ይሄን ያኔም አውቄዋለሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ ብል ግማሽ እውነት ነው። የበለጠ የፈራሁት ፊታቸውን ነው፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ሊሰማ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ያንን ፊት። እናም ከአእምሮዬ፣ ጣቴን ባዶው ወረቀት ላይ እያስኬድኩ፣ "'ውሸት ነው፣ አርባ ደቂቃ አይበቃውም' ይላል" አልኩ።

ሽማግሌው ጭናቸውን መቱ። "እሷ ናት! አዎ፣ እሷ ናት!" አሉ፤ ከዚያ መሐረብ አውጥተው ያንን የማያይ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዚህ ዓይነት ከዓመት በላይ ሄድን። ከቀትር በኋላ ራዲዮውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እኔ መጽሐፉን ዘርግቼ "አነባለሁ"። ከዚያ ያነበብነውን እናበስላለን፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ያዝዛሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ደስ ሊለኝ እንደሚችል ያወቅኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ የተናገርኩት ሁሉ ሉዊዝ የጻፏቸውን ነበር፤ የግምጃ ቤት ሰው ነኝና አእምሮዬ ይይዛል። ሰው ግን የሚይዘው እስከ አንድ ልክ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ ምን እንደነበረ ጠፋብኝ፤ እሳቸው ደግሞ ጠብቀው ተቀምጠዋል። "ጨው ይጨመር" አልኩ አንድ ቀን። ሌላ ቀን "ለፋሲካ ይሻላል" አልኩ። ከዚያ በኋላ እየቀለለኝ ሄደ፤ ከሁሉ የማፍርበት መቅለሉ ነው።

በሁለተኛው ኅዳር ሚስተር ሃሮልድ ታመው ስለነበር ፕሊማውዝ አልሄዱም፤ የበዓሉን ምግብ ለእሳቸው ብቻ በዶሮ ልንሠራ ተስማማን። ዶሮው ውስጥ የሚጠቀጠቀው ስተፊንግ የሚሉት ነገር ነው፤ ደረቅ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ሴሌሪና ብዙ ቅቤ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እኔ ቀምሼ ማየት አልችልም። "እስቲ እሷ ምን ትላለች?" አሉኝ። ገጹ ላይ ምን እንደነበረ ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። የድስቱን ባዶ ሆድ እያየሁ፣ ከእናቴም ከለምለምም ያየሁት አፌ ላይ መጣ።

"'ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ቅቤ፣ በደረቁ አብስይው። ሲቀላ ቅቤው ይገባል' ትላለች።"

ቅንድባቸውን አነሡ። "ቅቤ ሳይነካው? ሉዊዝ?"

"እንዲህ ነው የሚለው።"

ሽንኩርቱ ድስቱ ላይ እየተንጫጫ፣ ቤቱ በዚያ ሽታ እየተሞላ ሄደ። "አርባ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖርኩ" አሉ በመጨረሻ፤ "ሽንኩርት እንዴት እንደምታበስል እንኳ ዞር ብዬ አላየሁም ማለት ነው። እዚህ ቤት የምገባው ቡና ለመቅዳት ብቻ ነበር።" ያን ዕለት ሲበሉ ፊታቸው አዝኖ ነበር። ከበሉ በኋላ ለጁዲ ደውለው የእናቷን የሽንኩርት ምሥጢር ነገሯት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥባለሁ። በራሴ ውሸት አንድን ደግ ሰው ሚስቱን በደልኩ ብሎ እንዲያዝን አደረግኩት። ሌላው ሁሉ ይቅር ቢባልልኝ ይሄ ይቅር አይባልልኝም።

በረዶው ሊቀልጥ ሲል ሆስፒታል ገቡ፣ አልወጡም። ሳያውቁ ነው የሞቱት። ወይም ያወቁት ነገር ካለ አልነገሩኝም።

ከቀብሩ በኋላ ጁዲ ደወለች። ቅዳሜ መጥታ ቤቱን ልታይ ነው። "ከዕቃው ሁሉ የምፈልገው የእማዬን መጽሐፍ ነው፣ አደራህን ኪዳኔ" አለችኝ። የተደወለልኝ ሰኞ ነው፤ የቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። በየቀኑ ጠዋት እየሄድኩ በዚያ ዝም ባለ ወጥ ቤት፣ ራዲዮውን ሳልከፍት፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። የቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ላይ ሉዊዝ የለጠፉት የገበያ ዝርዝር ስለነበር የእጃቸውን አጣጣል ከእሱ ቀዳሁ። ገጹን ወደ ብርሃኑ ሳዘነብለው አንዳንድ ቦታ የእርሳሱ ጫና ያስቀረው ሰርጎድ ያለ መስመር ይታያል፤ እሱን ተከትዬ ጻፍኩ። መስመሩ ያልታየኝን ከአእምሮዬ ጻፍኩ። ያላስታወስኩትን ደግሞ ፈጠርኩ፤ ባዶ የሆነ ገጽ ያጋልጠኛልና። የሽንኩርቱንማ ግድ መጻፍ ነበረብኝ፣ ጁዲ ሰምታዋለች።

ለምለም ማታ ማታ ጣቴ ላይ ያለውን የእርሳስ ጥቁረት እያየች ማለፍ አልቻለችም።

"ኪዳኔ፣ ለምን ኮንፌስ አድርገህ አትገላገልም? ምን ታደርግሃለች? ፋየር ታደርግሃለች? ጆቡ እንደሆነ አልቋል።"

"እናትሽን አጠፋሁብሽ ልበላት?"

"ታዲያ አሁን የምትሠራው ምንድን ነው?"

ቅዳሜ ጁዲ መጣች፣ ኮቷን ሳታወልቅ መጽሐፉን ገለጠች፣ ቀጥታ ወደ ስተፊንጉ። "ይኸው! አባዬ የነገረኝ ይኸው!" ብላ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አቀፈችኝ። "እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀህልኛል" አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እንዴት እንደሄዱ አላውቅም። በየኅዳሩ ትደውላለች፣ ለምለምና እኔ ፕሊማውዝ እንሄዳለን። ልጆቿ አገቡ፣ የልጅ ልጆች መጡ፣ ፀጉሯ ነጣ። በዓሉ ጾም ላይ በዋለባቸው ዓመታት ቅቤው ከመግባቱ በፊት ከቀላው ሽንኩርት ላይ ትጨልፍና በትንሽ ሳህን ለብቻ ታስቀምጥልኛለች። "እማዬ በደረቁ ባታበስለው ኖሮ አንተ ምን ትበላ ነበር?" ትላለች እየሳቀች። ከእንግዶቿ መሐል አንዷ እንዲህ ያለ አበሳሰል ሚኒሶታ ውስጥ አይታ እንደማታውቅ ስትናገር ጁዲ በኩራት ትቀላለች። እኔ ሽንኩርቴን እበላለሁ። እያንዳንዷን ጉርሻ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የዋጥኳት።

ባለፈው ኅዳር ከምሳ በኋላ ጁዲ ለሁሉም ስጦታ አደለች። ለአሥራ አንዱ የልጅ ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጥቅል፤ ለእኔም አንድ። ፈታሁት። ይህ ፎጣ ነው። ከመጽሐፉ ገጽ ላይ አስነሥታ ያሳተመችበት ጽሑፍ "ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ቅቤ፣ በደረቁ አብስይው" ይላል። "የቅድመ አያታችሁ የእጅ ጽሑፍ" አለቻቸው። የመጨረሻዋ ትንሽ ልጅ በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች ትነካካው ጀመር፤ እኔ ያንን ፊደል የጻፍኩበትን ጣቴን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት።

ሌሎቹ ኳስ ሊያዩ ሲሄዱ ወጥ ቤት ውስጥ ጁዲ፣ ለምለምና እኔ ቀረን።

"ጁዲ፣ ይሄ የእናትሽ ጽሑፍ አይደለም" አልኳት። "የእኔ ነው።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ነገርኳት። ሰኔን፣ ዳቦውን፣ አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረው መቀመጣቸውን፣ እነዚያን አራት ጠዋቶች። ለምለም መሬት መሬቱን ታያለች። ጁዲ አላቋረጠችኝም፣ አልጮኸችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ ተነሥታ ሄደችና መጽሐፉን አምጥታ ፊቴ አኖረችው። ያ የቡኒ ከረጢት ልባስ አሁንም አለ።

"የትኞቹ ናቸው የእሷ?" አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። እየገለጥኩ ይሄ የእሷ ቃል፣ ይሄ የእኔ እያልኩ የምለይላት መስሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ይህን ዕዳ እከፍላለሁ ብዬ ነበር የተናገርኩት። ገለጥኩ። "ስኳር ይቀነስ።" ይሄ የእናቷ ነው፤ ወይስ ለሃሮልድ ያልኩት ነው? "ለፋሲካ ይሻላል።" እጄ ሲቀዳ ከርሞ የእሳቸውን እጅ መስሏል። እርሳሱ እኩል አርጅቷል፣ ሰርጎድ ያለው መስመርም ጠፍቷል። መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ።

"ልጅ ሆነሽ ካሮት አትወጂም ነበር?" አልኳት ተስፋ አድርጌ፤ "'ጁዲ አልነካችውም' ይላል።"

"የትኛው ልጅ ነው ካሮት የሚወድ?" አለች በቀስታ።

ገጽ በገጽ ሄድኩ። ሳላውቅ እስከ ኬኩ ምዕራፍ ደረስኩና የአናናስ ኬኩ ላይ ቆምኩ። እድፉ እዚያው ነው፣ ቢጫው ወደ ቡኒ ሄዷል። ውስጡ "ሃሮልድ ሁለት ጊዜ አስጨመረ" የሚል ተጽፏል።

"ይቺ የእናትሽ ናት" አልኳት። "ይቺን አልነካኋትም።"

ጁዲ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች። መዳፏን እድፉ ላይ አሳረፈችና እዚያው ተወችው። ከሳሎን የልጅ ልጆቿ ሳቅ ይሰማል። ለምለም ኮቴን አመጣችልኝ፤ ስንወጣ ጁዲ እጇን ከገጹ ላይ አላነሣችም።

ያንን ገጽ ለማጽዳት ግማሽ ዳቦ ጨርሼበታለሁ፣ ፓውደር ነስንሼ አሳድሬዋለሁ፣ አልለቅ ብሎኝ ተናድጄ ሰድቤዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ከእናቷ እጅ የተረፈላት እሱ ብቻ ነው።